የእግዚአብሔር ኃይል ሰኞ ጠዋት ምን ይሠራል?

«የእግዚአብሔር ኃይል» ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ትልቅ ትልቁ ነገር ነው። ባሕር ሲከፈል፣ ሽባ ሲነሣ፣ ሙት ከመቃብር ሲወጣ። ክርስቲያን ይህን ያምናል። ባያምን ኖሮ ፋሲካን የሚያከብርበት ምክንያት አይኖረውም። ግን ባሕር የሚከፈልበት ቀን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስንት ጊዜ ይመጣል? የቀረው ቀን ሥራ ነው፣ የልጆች ጩኸት ነው፣ የማያልቅ ወጪ ነው፣ ከማይዋደዱት ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መዋል ነው። እሑድ «ኃያል ነህ» ብሎ የዘመረ ሰው፣ ሰኞ ጠዋት ያ ኃይል የት ገባ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ለዚህ ጥያቄ በብዛት የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንዱ «እምነትህ ስላነሰ ነው» ይላል። ሌላው «ያ ድሮ ቀረ፤ አሁን ዝም ብለህ ጨዋ ሆነህ ኑር» ይላል። ሁለቱም አያጠግቡም። የመጀመሪያው የደከመ ሰው ላይ ሸክም ይጨምራል። ሁለተኛው እግዚአብሔርን ጡረታ ያስወጣዋል። መጽሐፍ ቅዱስን ረጋ ብሎ ላነበበ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው፤ ይህ ጽሑፍም እሱን ለማሳየት ነው።

ባለቤቱን ትቶ ኃይሉን መፈለግ

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። በክርስትና ትምህርት የእግዚአብሔር ኃይል ከእግዚአብሔር ተነጥሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። አይከማችም፣ አይወረስም፣ አይሸጥም። አንድ አማኝ «ኃይል ተቀበልሁ» ሲል፣ ትርጉሙ እግዚአብሔር ራሱ በእኔ ውስጥ እየሠራ ነው ማለት ነው። ይህ ልዩነት ተራ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን ብዙ ነገር ይለውጣል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ሲሞን የሚባል ጠንቋይ አለ። የሰማርያን ከተማ ጉድ ያሰኘ ሰው ነው። ሕዝቡ «ታላቁ የእግዚአብሔር ኃይል ይህ ነው» ይለው ነበር። ሲሞን ራሱም አምኖ ተጠመቀ። በኋላ ጴጥሮስና ዮሐንስ መጥተው እጃቸውን ሲጭኑ ሰዎች መንፈስ ቅዱስን ሲቀበሉ አየ። ወዲያው ገንዘብ አመጣና «ለእኔም ይህን ሥልጣን ስጡኝ» አለ። ጴጥሮስ አልተግደረደረም። «ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» አለው። የሲሞን ጥያቄ በአንድ በኩል ሲያዩት ክፉ አይመስልም። ሰዎች መንፈስ ቅዱስን እንዲቀበሉ ማድረግ ምን ክፋት አለው? ክፋቱ ባለቤቱን ትቶ ኃይሉን ብቻ መፈለጉ ላይ ነው።

ምዕራፍ 19 ላይ ደግሞ አስቄዋ የሚባል የአይሁድ ካህናት አለቃ ሰባት ልጆች አሉ። ጳውሎስ በኢየሱስ ስም አጋንንት ሲያወጣ ሰምተው፣ ስሙን እንደ ቀመር አንሥተው ሞከሩት። ክፉው መንፈስ የመለሰላቸው መልስ እስካሁን ያስቃል፤ «ኢየሱስንስ አውቀዋለሁ ጳውሎስንም አስተውቀዋለሁ፤ እናንተሳ እነማን ናችሁ?» ከዚያ ዘለለባቸው። ራቁታቸውን ቆስለው ከቤቱ ሮጡ። ቃሉን አልተሳሳቱም፣ አጠራሩንም አላዛነፉም። ከስሙ ባለቤት ጋር ግን ትውውቅ አልነበራቸውም።

ስለዚህ ጸሎትን በዋጋ የሚቸረችር፣ «ይህን ያህል ስጥና ይህ ይሆንልሃል» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የሲሞንን ታሪክ አስታውሱ። ማንም ይሁን፣ የትኛውንም ልብስ ይልበስ፣ መልሱ ያው የጴጥሮስ መልስ ነው።

ኃይሉ ለምን ተሰጠ?

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጸልይ፣ በምዕራፍ 1 ቁጥር 11 ላይ፣ እንደ እግዚአብሔር ክብር ጉልበት መጠን በኃይል ሁሉ እንዲበረቱ ይለምናል። ይህን ያነበበ ሰው ቀጥሎ ምን ይጠብቃል? ተራራ ለመንቀል፣ ጠላትን ለመጣል፣ ቢያንስ ቢያንስ ጎላ ያለ ነገር። ጳውሎስ የጻፈው ግን «ለመጽናትና ለትዕግሥት» ብሎ ነው። ያ ሁሉ ኃይል፣ የእግዚአብሔር ክብር ጉልበት መጠን ያህል ኃይል፣ ለትዕግሥት!

መጀመሪያ ሲሰሙት ቅር ያሰኛል። ትንሽ ሲያስቡት ግን ልክ ሆኖ ይገኛል። አንድ ጊዜ መቆጣት ለማንም ቀላል ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናትን ለዓመታት ሳያማርሩ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ ግን ከሰው አቅም በላይ የሚሆንበት ቀን አለ። የጠጣ ባል በየሌሊቱ የሚገባበት ቤት ውስጥ ልጆችን በፍቅር ማሳደግ ቀላል ነገር አይደለም። (ይህን ስል «እየተደበደብሽ ታገሺ» ማለቴ አይደለም። ራስንና ልጆችን ከአደጋ ማውጣት ራሱ ድፍረት ይጠይቃል፤ ድፍረትም ከዚያው ምንጭ ይመጣል።)

ጢሞቴዎስ በተባለው ወጣት አገልጋይ ላይም እንዲሁ ነው። ጳውሎስ ሲጽፍለት «እግዚአብሔር የኃይልና የፍቅር ራስንም የመግዛት መንፈስ እንጂ የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንምና» ይለዋል። ኃይል በአንድ በኩል ከፍቅር ጋር፣ በሌላ በኩል ራስን ከመግዛት ጋር ተጎዳኝቷል። ሐዋርያት ሥራ 1፥8 ላይም ኢየሱስ ለደቀ መዛሙርቱ «ኃይልን ትቀበላላችሁ» ካለ በኋላ የኃይሉን ጥቅም ይነግራቸዋል፤ «ምስክሮቼ ትሆናላችሁ»። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በፍርሃት በር ዘግተው ለተቀመጡ ሰዎች አደባባይ ወጥቶ አፍ መክፈት ራሱ ትልቅ ተአምር ነበር።

ሌላው፣ በቲሸርትና በጫማ ላይ ሳይቀር የሚጻፈው ጥቅስ ፊልጵስዩስ 4፥13 ነው፤ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ»። ከውድድርና ከፈተና በፊት ይጠቀሳል። መጠቀሱ አይከፋም። ግን ጳውሎስ ይህን የጻፈው እስር ላይ ሆኖ ነው። ከላዩ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ስለ መራብና ስለ መጥገብ፣ ስለ መብዛትና ስለ መጉደል ይናገራሉ። «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ይላል። «ሁሉን» ያለው ይህን ሁሉ ነው። ሲያገኝ እንዳይኮራ፣ ሲያጣም እንዳይሰበር። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይከብድም፤ ስንቱ ሰው ችግሩን ተወጥቶ ጥጋቡን ያልቻለው አለ።

እሳቱ ከወረደ በኋላ

የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ ብዙ ሰው እስከ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 ድረስ ያውቀዋል። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ አንድ ነቢይ ለ450 የበኣል ነቢያት። እሳት ወርዶ መሥዋዕቱን፣ እንጨቱን፣ ድንጋዩንና በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ውኃ ሳይቀር በላ። ለስብከት የሚመች ነው። የዕለት ኑሮ ግን ምዕራፍ 19 ላይ ነው ያለው።

በማግሥቱ ንግሥት ኤልዛቤል አንድ መልእክት ላከችበት፤ «ነገ በዚህ ጊዜ እገድልሃለሁ» የሚል። ትናንት እሳት ያወረደው ሰው ነፍሱን ለማዳን ሸሸ። ብላቴናውን ቤርሳቤህ ላይ ተወው፤ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። «ይበቃኛል» አለ። ከዚያ ተኛ።

አሁን እግዚአብሔር የሚያደርገውን ተመልከቱ። አይገሥጸውም። «ትናንት እሳት አላሳየሁህም ወይ?» አይለውም። መልአክ መጥቶ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣና እንደገና «ብላ» አለው፤ የሚሄድበት መንገድ ሩቅ ነበርና። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄዶ ኮሬብ ደረሰ። እዚያም ነፋስ መጣ፣ የምድር መናወጥ መጣ፣ እሳት መጣ። እግዚአብሔር በእነዚህ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ትንሽ የዝምታ ድምፅ። በመጨረሻም ሥራ ሰጠው፤ ኤልሳዕ የሚባል ተተኪም አመለከተው።

እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ውኃ፣ የሚሰማ ድምፅ፣ ሥራ፣ ጓደኛ። በጭንቀት የወደቀ ሰው ዘንድ የእግዚአብሔር ኃይል የገባው በእነዚህ በኩል ነው። ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው «መንፈሳዊነቴ ቀዘቀዘ» እያለ ራሱን ሲወቅስ ስሰማ፣ ይህን ምዕራፍ ማንበብና ሄዶ መተኛት ይቅደም እላለሁ። ቀልዴን አይደለም። ፍጥረትን ሁሉ ደግፎ የያዘው፣ ሊቃውንት መግቦት የሚሉት የእግዚአብሔር ሥራ በእንቅልፍና በእንጀራ በኩልም ይደርሳል። በመድኃኒትም በኩል ይደርሳል። ከጳውሎስ የቅርብ ባልደረቦች አንዱ የነበረው ሉቃስ «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ተብሎ ነው የተጠራው። «ካመንህ መድኃኒትህን ጣል» የሚል ሰው ይህን የት እንደሚያደርሰው አላውቅም።

እጇን መዘርጋት ያቃታት ሴት

ኮሪ ቴን ቡም የኔዘርላንድስ ሴት ነበረች፤ ሃርለም በምትባል ከተማ የምትኖር ሰዓት ሠሪ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤተሰቧ አይሁዶችን ቤቱ ውስጥ ይደብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 ተያዙ። አረጋዊ አባቷ በእስር ቤት ዐሥር ቀን ገደማ ቆይቶ ሞተ። እሷና እኅቷ ቤትሲ ራቨንስብሩክ ወደሚባለው የናዚ ማጎሪያ ተወሰዱ። ቤትሲ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ እዚያው ሞተች። ኮሪ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተፈታች።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ኮሪ እየዞረች ስለ ይቅርታ ትናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ሙኒክ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተናግራ ስትጨርስ፣ አንድ ሰው ወደ እሷ መጣ። አወቀችው። የራቨንስብሩክ ዘብ ነበር። እሱ አላወቃትም። ክርስቲያን መሆኑን ነገራት፤ ከእሷም አፍ ይቅርታ መስማት እንደሚፈልግ ነግሮ እጁን ዘረጋ።

ኮሪ እንደተረከችው በዚያች ሰዓት ምንም አልተሰማትም። ደሟ ቀዘቀዘ። እጁን ላለመጨበጥ ቦርሳዋን ትነካካ ጀመር። አሁን ይቅርታን ሰብካ የወረደች ሴት ናት እኮ! በልቧ ጸለየች። የጸሎቱ ሐሳብ ይህ ነበር፤ እጄን ማንሣት እችላለሁ፣ ያን ያህል እችላለሁ፤ ስሜቱን አንተ ስጥ። እጇን እንደ ነገሩ፣ ያለ ፍላጎት ዘረጋች። ከጨበጠችው በኋላ ነው አንድ ነገር ከትከሻዋ ተነሥቶ በክንዷ ወርዶ ወደተያያዙት እጆች የሄደው፤ ይቅርታውም ያኔ እውነት ሆነ።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ለቅደም ተከተሉ ነው። እኛ በአብዛኛው መጀመሪያ ኃይሉ እንዲሰማን፣ ከዚያ ልንታዘዝ ነው የምንጠብቀው። እሷ ላይ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። እጁ ቀደመ፣ ሙቀቱ ተከተለ። መጽሐፍ ቅዱስም ላይ ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ይገኛል። የዮርዳኖስ ውኃ የቆመው የካህናቱ እግር ውኃው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ዐሥሩ ለምጻሞች የነጹት እየሄዱ ሳሉ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። የሚሠራው እግዚአብሔር ነው ወይስ እኔ? ጳውሎስ ፊልጵስዩስ 2፥12-13 ላይ «መዳናችሁን ፈጽሙ» ይልና፣ ሳይተነፍስ «መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና» ይላል። ግማሹን እኔ ግማሹን እሱ የሚል ክፍፍል የለም። ሙሉ በሙሉ ሰውየው ይደክማል፣ ሙሉ በሙሉ እግዚአብሔር ይሠራል። ሌላ ቦታም ስለ ራሱ ሲናገር፣ ከሁሉም ይልቅ ደከምሁ ካለ በኋላ፣ ዳሩ ግን ከእኔ ጋር ያለው ጸጋ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ይላል። ሐሳቡ ለአእምሮ አይመችም። በኑሮ ግን የሚታይ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሰው በሌሊት ስልኩ ላይ የስድብ መልእክት ጽፎ ጨርሷል። እያንዳንዷ ቃል ትቆርጣለች። የሚላክለት ሰው ደግሞ ይገባዋል። ጣቱ መላኪያው ላይ ነው። «ጌታ ሆይ» ይላል፤ ከዚያ በላይ ጸሎት አይወጣውም። ሰማይ አልተከፈተም። ልቡም አልቀለለም። ግን ይሰርዘዋል፤ ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ጠዋት ሲነሣ ንዴቱ ግማሽ ነው። ይህን ያደረገው ማነው? ያላመነ ሰውም ቢሆን መልእክት መሰረዝ ይችላል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። አማኙ የሚለው ይህን ነው፤ እኔን ራሴን አውቀዋለሁ፣ ትናንት በዚሁ ነገር ልኬው ነበር፣ ዛሬ ያልላክሁት ጎብዤ አይደለም።

ሳይሆን ሲቀር

አሁን ወደሚያመው ቦታ እንምጣ። ተጸልዮ የማይድን በሽተኛ አለ። ተጾሞ የማይመለስ ልጅ አለ።

ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 በዚህ ረገድ የማይሸፋፍን ምዕራፍ ነው። ንጉሥ ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። ቀጥሎ ጴጥሮስን ያዘ። ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ ጸለየች፤ መልአክ መጣ፣ ሰንሰለቱ ወደቀ፣ የብረቱ በር ራሱ ተከፈተ። ጴጥሮስ እየጸለዩለት ወዳለው ቤት ሄዶ በር ሲያንኳኳ፣ ሮዴ የምትባል ገረድ ድምፁን አውቃ፣ ከደስታዋ የተነሣ በሩን ሳትከፍት ወደ ውስጥ ሮጠች። «ጴጥሮስ በር ላይ ቆሟል» ብትላቸው «አብደሻል» አሏት። እንዲፈታ ሲጸልዩ ያመሹት ሰዎች ናቸው! ስለዚህ የተፈታው እምነታቸው ያለ ጥርጥር ስለነበረ ነው ማለት አይቻልም። ያዕቆብ የሞተውም እምነት ስላነሰው ነው የሚል አንዲት ቃል የለችም። ሉቃስ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፎ አልፏል። ምክንያት አልሰጠም።

ጳውሎስም ላይ ያው ነው። ኤፌሶን ውስጥ ከአካሉ የተወሰደ ጨርቅ ሳይቀር ድውያንን ይፈውስ ነበር። ይኸው ጳውሎስ ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ታሞ ሚሊጢን ላይ ትቶት ሄዷል። ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱና ስለሚደጋገምበት ሕመሙ ትንሽ የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መክሮታል። ለራሱ «የሥጋዬ መውጊያ» ብሎ ስለጠራው ነገር ሦስት ጊዜ ለምኗል። መውጊያው አልተወሰደም። የመጣለት መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነው። መልስ አላገኘም እንዳይባል አግኝቷል፤ የጠየቀውን አገኘ እንዳይባል አላገኘም።

ሦስቱ ወጣቶች ናቡከደነፆር ፊት የቆሙበትም መንገድ ይህን ይመስላል። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ቀጥለውም «ባያድነን» እንኳ ለምስሉ አንሰግድም አሉ። ብዙ ስብከት «ይችላል» ላይ ይቆማል። «ባያድነን» የሚለው ግን ያለ ኃይል የሚወጣ ቃል አይደለም። ዕብራውያን ምዕራፍ 11ም በእምነት የአንበሶችን አፍ የዘጉትን ቆጥሮ፣ በዚያው ትንፋሽ በመጋዝ የተሰነጠቁትን ይጠራል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም በእምነታቸው ተመስክሮላቸዋል።

ስለዚህ አንድ ሰው ታሞ ሲጸለይለት ሁለት ነገር አብሮ መያዝ ይቻላል። ይድናል ብሎ መለመን፤ ካልዳነም በደለኛ አለመፈለግ። ሌላው ያዕቆብ፣ የመልእክቱ ጸሐፊ፣ የታመመ ሰው ሽማግሌዎችን ጠርቶ ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዛል። ይህ የሁሉም መብት ነው። የታመመን ሰው በእምነቱ መጠን መመርመር ግን ማንም አልታዘዘም።

ኃይል አለ፣ ሰውየው የለም

ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ግን መባል አለበት። ኃይልና ጠባይ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ሶምሶን በር ነቅሎ የተሸከመ ሰው ነው፤ ራሱን ግን መግዛት አቃተው። የቆሮንቶስ ምእመናን ምንም የጸጋ ስጦታ አልጎደላቸውም ተብሎ ተጽፎላቸዋል። በዚያው መልእክት እርስ በርስ ተካሰው ፍርድ ቤት መሄዳቸውም ተጽፏል። ኢየሱስም በስምህ ትንቢት ተናገርን፣ ብዙ ተአምራት አደረግን የሚሉትን «ከቶ አላወቅኋችሁም» እንደሚላቸው ተናግሯል። የሚገርመው ተአምሩን አላደረጋችሁም አላላቸውም። ስለዚህ አንድን አገልጋይ መመዘን ለሚፈልግ ሰው፣ መድረክ ላይ ከሚያደርገው ይልቅ ቤቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ስለ ትዕግሥቱ የሚሉት ይሻላል። ገላትያ 5 የሚዘረዝረው የመንፈስ ፍሬ ከፍቅር ጀምሮ ራስን በመግዛት ነው የሚያበቃው።

የሚቀበሉት በየት በኩል ነው?

እዚህ ላይ አብያተ ክርስቲያናት አጽንኦታቸው ይለያያል። ኦርቶዶክስና ካቶሊክ ምሥጢራትን ያስቀድማሉ፤ በተለይ ቅዱስ ቁርባንን። ወንጌላውያን ቃሉን መስማትንና ማመንን ያስቀድማሉ። እ.ኤ.አ. በ1906 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአዙሳ መንገድ ዊልያም ሲሞር የመራው መነቃቃት ካስፋፋው እንቅስቃሴ ወዲህ ደግሞ ጴንጤቆስጤዎች በልሳን፣ በትንቢትና በፈውስ ስጦታዎች ላይ ይበረታሉ። ጸሎት፣ ጾም፣ ቃሉና የወንድሞች ኅብረት የሁሉም ናቸው።

ተአምራት ቆመዋል ወይስ አልቆሙም የሚለው ክርክርም አዲስ አይደለም። በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ከተማ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ በመጀመሪያ ዘመኑ በሐዋርያት ጊዜ የነበሩት ተአምራት ለእሱ ዘመን እንዳልቀጠሉ ጽፎ ነበር። በስተርጅና ግን በራሱ ከተማ ሰዎች ሲፈወሱ ማየት ጀመረ። ታሪካቸው በጽሑፍ ተይዞ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ አደረገ፤ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ 70 የሚጠጉ ጽሑፎች ተሰበሰቡ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሊቅ ሐሳቡን ለወጠ። እኔ በበኩሌ የአውግስጢኖስ አካሄድ ደስ ይለኛል፤ የሆነውን መዝግቦ በሕዝብ ፊት ማስነበብ። ወሬ በእንደዚህ ዓይነት ብርሃን ፊት ብዙ አይቆይም።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁሉም ይስማማሉ። ዕለታዊ መሆኑ ላይ። እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲሰበስቡ ከሰንበት ዋዜማ በቀር ለነገ ማስቀመጥ አይቻልም ነበር፤ ያስቀመጡት ተላና ሸተተ። ኢየሱስም «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ብላችሁ ጸልዩ አለ። ለመጪው ዓመት የሚሆን ብርታት ዛሬ በእጄ የለም ብሎ የሚጨነቅ ሰው ያልተሰጠውን ነው የሚፈልገው። የዛሬው ግን ከመና ጋር በአንድ ይመሳሰላል፤ ወጥቶ የሚለቅም ይፈልጋል። ጠዋት ስልክ ከመነካቱ በፊት አንድ መዝሙረ ዳዊት ማንበብ፣ የሚያስቸግረውን ሰው ስም ጠርቶ መጸለይ፣ ሲጠፋ የሚደውልለት አንድ የእምነት ወዳጅ መያዝ። ሰው እንደሚያስበው ከባድ ነገር አይደለም፤ የሚከብደው መደጋገሙ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚወድቀውስ? ለዚህ ከጴጥሮስ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። ሦስት ጊዜ ክዷል፤ ያን ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚባለውም መንፈስ ቅዱስ ከመውረዱ በፊት ነው። ገላትያ ምዕራፍ 2 ላይ ያለው ግን ከበዓለ ኀምሳ ከዓመታት በኋላ የሆነ ነው። ሽባ ያስነሣ፣ ጥላው ሳይቀር የሚጠበቅ ጴጥሮስ፣ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ አማኞች ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ያ ነገር በደብዳቤ ተጽፎ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ተነበበ። ለአንድ ታላቅ ሐዋርያ ቀላል ውርደት አይደለም። በጴጥሮስ ስም በተጻፈው ሁለተኛ መልእክት መጨረሻ አካባቢ የጳውሎስ ደብዳቤዎች ይነሣሉ፤ ጸሐፊውም በዚያ ቦታ «የተወደደው ወንድማችን ጳውሎስ» ይለዋል።